የጉበት ጉዳት፣ ሲቲ ስካንና የቀዶ ሕክምና ውሳኔ፦ ቤተሰብ ማወቅ የሚገባው

አንድ ወጣት ባጃጅ ተገልብጦበት ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣ እንበል። ከላይ የሚታይ ቁስል የለውም። ከቀኝ ጎድን አጥንቱ ሥር ያመዋል፣ ቀኝ ትከሻውንም ይወጋዋል። ሐኪሙ ሲቲ ስካን ያዛል፤ ውጤቱ ጉበቱ መሰንጠቁንና ሆዱ ውስጥ ደም መኖሩን ይገልጻል። ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ልጁ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል ብሎ ይጠብቃል። ሐኪሙ ግን «አሁን አንከፍተውም፤ አስተኝተን እንከታተለዋለን» ይላል። እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ይቆጣል። «ደም እየፈሰሰው ዝም ብላችሁ ልታዩት ነው?»

በሌላ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማል። መኪና የገጫት ሴት ደም ግፊቷ ወርዶ፣ እጅና እግሯ ቀዝቅዞ ትመጣለች። ሐኪሞቹ ሆዷን በአልትራሳውንድ ለአፍታ አይተው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ያስገቧታል። ቤተሰቡ «ሲቲ ሳትነሣ እንዴት ትከፈታለች? ገንዘቡን እኛ እንከፍላለን» ይላል።

ሁለቱም ቤተሰቦች የሚናገሩት ከፍቅርና ከድንጋጤ ነው። ሁለቱም ሐኪሞች ግን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ያስረዳል፤ በአገራችን ይህን ሕክምና በትክክል ለመስጠት ምን እንደሚጎድል፣ ቤተሰብም ምን ማድረግ እንደሚችል ያያል።

ጉዳዩ ለምን አሁን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው። በእኛ አገር የመኪናና የባጃጅ አደጋ፣ ከሕንፃ ግንባታ ላይ መውደቅ፣ የበሬ ቀንድና የበቅሎ ርግጫ ሆድን ይጎዳሉ። ሆድ ሲመታ ብዙ ጊዜ ከሚጎዱት የውስጥ አካላት ጉበትና ጣፊያ ይገኙበታል።

ሲቲ ስካን ቀድሞ አዲስ አበባ ባሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የሚገኝ ነበር። ዛሬ በክልል ከተሞች ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎችና በግል የምርመራ ማዕከላትም አለ። ስለዚህ «ሲቲ ይነሣ?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ከማይደርስበት ቤተሰብ ዘንድ ዛሬ ይደርሳል። ማሽኑ መብዛቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ምን እንደሚመልስና ምን እንደማይመልስ ካልታወቀ የታማሚውን ጊዜ ሊያባክን፣ አልፎም ሕይወቱን ሊያሳጣ ይችላል።

ጉበት ሲጎዳ ምን ይሆናል?

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያለ ትልቅ አካል ነው። በየደቂቃው ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ደም ያልፍበታል። ከዚህ ደም አብዛኛው የሚመጣው ከአንጀት ተነሥቶ በደም መልስ በኩል ሲሆን፣ ቀሪው በደም ቅዳ ይገባል። በደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ የጉበት ስንጥቆች ደማቸው ረግቶ በራሳቸው ይቆማሉ። የተቀደደው ደም ቅዳ ወይም ከጉበት ጀርባ ያለው ትልቁ ደም መልስ ከሆነ ግን ደሙ በራሱ ለመቆም ይከብደዋል። ታማሚው በደቂቃዎች ውስጥ ሊዳከም ይችላል።

ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚያስቆጣ ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻ ሊሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ከአደጋ በኋላ «ትከሻዬን አመመኝ» የሚል ሰው ትከሻው ብቻ ታይቶ መሸኘት የሌለበት።

ሕክምናው እንዴት ተለወጠ?

ቀደም ባለው ጊዜ ሆድ ውስጥ ደም መኖሩ ከታወቀ መክፈት የተለመደ ነበር። የቀዶ ሐኪሞች ግን በተደጋጋሚ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሆዱን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ የጉበቱ መድማት አስቀድሞ ቆሟል። እንዲያውም የረጋውን ደም መንካት አዲስ መድማት ያስነሣል። ሳይከፍቱ መከታተል በመጀመሪያ ለሕፃናት ተለመደ፤ ሲቲ ስካን ሲስፋፋ ለአዋቂዎችም ሆነ።

የአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 የጉበትን ጉዳት በደረጃ የሚከፍል መለኪያ አወጣ። በ2018 ሲያሻሽለው ሲቲ ስካን የሚያሳየው የደም ሥር ጉዳትና በምርመራው ጊዜ እየፈሰሰ ያለ ደም በደረጃው ውስጥ እንዲቆጠር አደረገ። የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መመሪያ ደግሞ ታማሚው የተረጋጋ ከሆነና ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ጉዳት ከሌለው፣ የጉበቱ ጉዳት ከባድ ቢሆንም እንኳ ሳይከፍቱ መከታተል መጀመሪያ የሚታሰብ ሕክምና መሆኑን አስቀመጠ። ይህ የሚሠራው ግን የቅርብ ክትትል፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ቡድን ባለበት ቦታ ነው። እነዚህ በተሟሉባቸው ሆስፒታሎች በድብደባ፣ በግጭት ወይም በመውደቅ ጉበታቸው ከተጎዳ ሰዎች አብዛኞቹ ሳይከፈቱ ይድናሉ።

ሲቲ ስካን ምን ያሳያል?

ሪፖርቱ ላይ ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ ያያሉ። ባጭሩ ትርጉሙ እንዲህ ነው።

ደረጃ 1፦ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ወይም በጉበቱ ሽፋን ሥር የረጋ ጥቂት ደም።

ደረጃ 2፦ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ።

ደረጃ 3፦ ከ3 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ስንጥቅ፣ ወይም በጉበቱ ውስጥ ብቻ የተወሰነ የደም ሥር ጉዳትና መድማት።

ደረጃ 4፦ ከአንዱ የጉበት ክፍል ሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነው መጎዳቱ፣ ወይም ደሙ ከጉበቱ ወጥቶ ወደ ሆድ ዕቃ እየፈሰሰ መሆኑ።

ደረጃ 5፦ ከአንዱ ክፍል ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መጎዳቱ፣ ወይም ከጉበት ጀርባ ያሉት ትላልቅ ደም መልሶች መቀደዳቸው።

ቁጥሩ ግን ብቻውን ውሳኔ አይደለም። ደረጃ 4 ሆኖ ሳይከፈት የሚድን አለ፤ ዝቅተኛ ደረጃ ኖሮት በሌላ የሆድ ዕቃ ጉዳት ምክንያት የሚከፈትም አለ። ሲቲው ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ቆሽትና አንጀት መጎዳታቸውን ለማየት ይረዳል። ሦስተኛ፣ ታማሚው ምን ያህል ጥብቅ ክትትል እንደሚያስፈልገው ለሐኪሙ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ስለ ኮንትራስት ማወቅ ያስፈልጋል። ኮንትራስት በደም ሥር የሚሰጥ፣ የደም ሥሮችን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት ነው። ያለ ኮንትራስት በተነሣ ሲቲ የጉበት ስንጥቅ ሊታለፍ ይችላል፤ ደም እየፈሰሰ መሆኑንም በአስተማማኝ ሁኔታ አያሳይም። አንዳንድ ቤተሰብ ወጪ ለመቀነስ ወይም ኮንትራስቱ በአቅራቢያ ስላልተገኘ «ያለሱ ይነሣ» ይላል። ለሆድ አደጋ ይህ ቁጠባ የሚያዋጣ አይደለም። ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ገንዘቡም ጊዜውም ይሄዳል።

ከሲቲው በፊት የሚመጣው ጥያቄ

ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ታማሚው የተረጋጋ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ፣ ንቃቱና የእጅ እግሩ ሙቀት ይታያል። ደም ግፊቱ ወርዶ፣ ፈሳሽና ደም ተሰጥቶት እንኳ አልስተካከል ካለ ሰውየው እየደማ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሲቲ ክፍል ከተላከ፣ ማሽኑ ውስጥ ሳለ ልቡ ቢቆም በቂ እርዳታ መስጠት ይከብዳል። ለእሱ የሚያስፈልገው ሆድ ተከፍቶ መድማቱን ማቆም ነው። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጉበቱን በጨርቅ አጭቆ፣ ታማሚውን አረጋግቶ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና መክፈት የታወቀ ዘዴ ነው። ስለዚህ «ሁለቴ ተከፈተ» ማለት የግድ ስሕተት ተሠራ ማለት አይደለም።

ባልተረጋጋ ታማሚ ላይ አልትራሳውንድ የሲቲን ቦታ ለጊዜው ይይዛል። አልጋው ላይ እንዳለ በደቂቃዎች ውስጥ ሆድና የልብ ዙሪያ ይታያል፤ ነፃ ደም ካለ ያሳያል። ግን የጉዳቱን ደረጃ አይነግርም። ጥቂት ደምም ሊያመልጠው ይችላል። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው አላለቀም።

ባጭሩ፣ መክፈት አለመክፈቱን በመጀመሪያ የሚወስነው የታማሚው ሁኔታ ነው። ሲቲ ስካን የሚመጣው ታማሚው ጊዜ ሲሰጥ ነው። ከላይ ያየናቸው ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ነገር ያደረጉት ለዚህ ነው።

በአገራችን ያለው ክፍተት

መመሪያዎቹ የተጻፉት ድንገተኛ ክፍል፣ ሲቲ ስካን፣ ደም ባንክና ቀዶ ሕክምና ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ቀንና ሌሊት በሚሠሩበት ሁኔታ ነው። በእኛ ድንገተኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ማሽኑ ይበላሻል፣ ወይም መብራት ይቋረጣል፣ ወይም ሌሊት ምስሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት አይኖርም። ታማሚው ወደ ውጭ የምርመራ ማዕከል ይላካል። ቤተሰብ መኪና ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይበደራል፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሄዶ ይመለሳል። ሆድ ውስጥ ለሚደማ ሰው ከሁሉ የከፋው ሰዓት ይህ ጉዞ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። ሳይከፍቱ መከታተል ርካሽ ሕክምና አይደለም፤ የክትትል አልጋ፣ በየሰዓቱ የሚለካ ነርስ፣ የተዘጋጀ ደምና በማንኛውም ሰዓት የሚደርስ የቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ሆስፒታል ሲቲው ጥሩ ቢሆንም እንኳ ሐኪሙ ታማሚውን አረጋግቶ ወደ ተሻለ ቦታ ሪፈር ማድረግን፣ ወይም ቶሎ መክፈትን ሊመርጥ ይችላል። በደም ሥር ገብቶ የሚደማውን ሥር የሚዘጋው ዘዴም በሌላው ዓለም ለክትትል ትልቅ ድጋፍ ሲሆን፣ በአገራችን ገና በስፋት አይገኝም። ስለዚህ ተመሳሳይ የሲቲ ውጤት ያላቸው ሁለት ሰዎች በሁለት ሆስፒታል የተለያየ ሕክምና ቢያገኙ የግድ አንዱ ሐኪም ተሳስቷል ማለት አይደለም።

በእኔ እምነት ሲቲ ማሽን ሲገዛ አብሮ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ ሌሊት ማን ያነበዋል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ኮንትራስቱ በመደርደሪያ ላይ አለ? ከውጤቱ በኋላ ታማሚው የሚተኛበት አልጋና የሚሰጠው ደም አለ? እነዚህ ካልተመለሱ ማሽኑ የጉዳቱን ፎቶ ብቻ ይሰጠናል።

ክትትል ማለት ምን ማለት ነው?

ክትትል ላይ ያለ ታማሚ ደም ግፊቱና የልብ ምቱ በተደጋጋሚ ይለካል። ሄሞግሎቢኑ በየተወሰነ ሰዓት ይመረመራል። ሆዱ በአንድ ሐኪም ደጋግሞ ቢዳሰስ ይመረጣል፤ ለውጥን ማወቅ ይቀላልና። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምግብና መጠጥ ሊከለከል ይችላል፤ ምናልባት ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ሆዱ ባዶ መሆን ስላለበት ነው። ከጎን ያለ አስታማሚ አዝኖለት አብሽ፣ ወተት ወይም ሾርባ በድብቅ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ሊሰጥም ይችላል። ይህ መድማትን የሚቀንስ ሲሆን የሚጠቅመው አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በቶሎ ወደ ሕክምና መምጣት ትርጉም ያለው አንዱም ለዚህ ነው።

የልብ ምት ሲጨምር፣ ደም ግፊት ሲወርድ፣ ሆድ ሲደርቅና ሲነፋ፣ ወይም ደም ደጋግሞ መስጠት ሲያስፈልግ ሐኪሙ ሐሳቡን ቀይሮ ሊከፍት ይችላል። ይህ የመጀመሪያው ውሳኔ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም። ክትትል የሚደረገው ለውጡን በጊዜ ለመያዝ ነውና።

ሲቲው ራሱ ጉዳት አለው?

የአንድ የሆድ ሲቲ ጨረር ከተፈጥሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። ሕይወት ለሚያሰጋ ጉዳት ሲሆን ጥቅሙ ይበልጣል፤ ያለ ምክንያት መደጋገሙ ግን ተገቢ አይደለም። በተለይ ቀላል ደረጃ ኖሮት እየተሻለው ላለ ሰው «ለማረጋገጥ ያህል» ሲቲ መድገም በአብዛኛው አያስፈልግም። አዲስ ምልክት ከመጣ ወይም ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ሐኪሙ ሊያስደግም ይችላል።

ከምርመራው በፊት እነዚህን ለሐኪም ይንገሩ፦ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ፣ የኩላሊት ሕመም ካለ፣ ቀድሞ በኮንትራስት ምክንያት አለርጂ ከነበረ፣ ታማሚው ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ። እርግዝና ሲቲን ፈጽሞ አይከለክልም፤ እናት ካልዳነች ጽንሱም አይድንም። ማወቁ ግን ጥንቃቄ ለማድረግ ይረዳል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አደጋው በደረሰበት ቦታ፦ ሆዱን አታሹት፣ ወደ ወጌሻ አትውሰዱት፣ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። አምቡላንስ ጥሩ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁ፦ «አሁን የተረጋጋ ነው? ሲቲው በኮንትራስት ነው? ደረጃው ስንት ነው፤ እየፈሰሰ ያለ ደም አለ? እዚህ ለመከታተል የሚያስፈልገው ሁሉ አለ ወይስ ሪፈር ይሻላል? ምን ብናይ ወዲያው እንጥራችሁ?»

ለምርመራ ወደ ውጭ መሄድ የግድ ከሆነ፣ ከመውጣቱ በፊት ደም ግፊቱ እንዲለካ፣ የደም ሥር መስመር እንዲከፈትለት፣ ነርስ ወይም ሐኪም አብሮ እንዲሄድ ይጠይቁ። የምርመራ ማዕከሉ ማሽን እየሠራ መሆኑን፣ ኮንትራስት መኖሩንና ውጤቱ ቶሎ የሚነበብ መሆኑን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ የቤተሰብ ሥራ ሊሆን ይችላል። ምስሉን የያዘውን ሲዲ ወይም ፊልም መልሰው ይዘው ይምጡ፤ የቀዶ ሐኪሙ ራሱ ማየት ይፈልጋልና። ደም የሚለግስ ሰው ቢጠየቅ ከቤተሰብ ሁለትና ሦስት ሰው ቢዘጋጅ ትልቅ እርዳታ ነው።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ይወቁ። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው በሕግ እስከተወሰነው የገንዘብ መጠን ድረስ የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ በሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተደንግጓል። ይህን ለሆስፒታሉ ያንሡ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

የጉበት ስንጥቅ በሳምንታትና በወራት ይድናል። ጉዳቱ መካከለኛ ወይም ከባድ ለነበረ ሰው ወደ ሙሉ እንቅስቃሴው ለመመለስ ከ3 እስከ 4 ወር ሊወስድ ይችላል። ከባድ ዕቃ መሸከም፣ ውኃ መቅዳት፣ ሞተር ሳይክል መንዳትና ኳስ መጫወት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆዩ። ቀላል የእግር ጉዞ ግን ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ መተኛት አያስፈልግም። አልኮል ይቅር። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ አይግዙ። ለሕመም ፓራሲታሞል የሚወሰደውም ሐኪሙ በወሰነው መጠን ነው።

የሚከተሉት ከታዩ፣ አደጋው ሳምንታት ቢያልፉትም፣ ወዲያው ይመለሱ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም መነፋት፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ መፍዘዝና ራስን መሳት። እነዚህ የሐሞት መፍሰስን፣ የጉበት መግልን ወይም ዘግይቶ የመጣ መድማትን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ በጊዜ ከተያዙ ሕክምና አላቸው።

መጀመሪያ ላይ ያነሣነው አጎት «ዝም ብላችሁ ልታዩት ነው?» ብሎ ነበር። መልሱ፦ ዝም ብለን አይደለም። በየሰዓቱ እየለካን፣ ደም አዘጋጅተን፣ ቢላዋውም ቅርብ ሆኖ ነው። ይህ ሲሟላ አለመክፈት ሕክምና ነው። ካልተሟላ ደግሞ «ታዲያ የት እንውሰደው?» ብሎ በጊዜ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ ታማሚውን በአካል የመረመረውን ሐኪም ውሳኔ አይተካም።